ዝም የሚል ማሽን

እናቱ የምታወራው ከእግሮቹ ጋር ነበር።

የቀረው አካሉ ወለሉ ስር ገብቷል። በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ፣ ክዳኑ የተነሳ ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው አፍ ላይ የሚታዩት ሁለት ካልሲዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። እናቱ ከዘራዋን ተደግፋ ካልሲዎቹን ትቆጣለች።

«አባትህ ሲገባ እንዲህ አያቃስትም ነበር። እንደ ድመት ሹልክ ነው የሚለው። አንተ ግን ቤቱን የወለድከው ይመስል ታምጣለህ።»

«አባዬ ቀጭን ነበራ!» አለ ከስር፤ ድምፁ አፈር አፈር ይላል።

«ቀጭን አልነበረም። አያወራም ነበር። የማያወራ ሰው ቦታ አይፈጅም።»

የዚህ ቤት እርጥበት የዋዛ እርጥበት አይደለም። የሌላ ሰው ግድግዳ ሲደርቅ የዚህ ቤት ግድግዳ ገና ማላብ ይጀምራል። ጨው በዕቃው ውስጥ ሟሙቶ በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ ይቀዳል። ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ኮት በሳምንቱ ጢም ያበቅላል፤ አንድ ክብሪት በመጀመሪያው ጭረት ቢበራ ቤተሰቡ ቆሞ ያጨበጭባል። ይህ ሁሉ ደግሞ ከአክብሮት የተነሳ ተቀንሶ የተነገረ ነው።

እርጥበቱ የሚወጣው ከወለሉ ስር ነው። ቤቱን የሠራው አናጢው አባት የእንጨቱን ወለል ከመሬት ከፍ አድርጎ ነበር ያነጠፈው፤ በእንጨቱና በአፈሩ መካከል የቀረው ክፍተት ሰው በሆዱ ተስቦ የሚሄድበት እንጂ ቁጭ የሚልበት አይደለም። ቤተሰቡ ግን በኩራት «ታች ቤት» ይለዋል።

አሁን ታች ቤት የገባው የአናጢው ልጅ በሰፈሩ «መነጽር» ተብሎ ይጠራል። ዓይኑ የንስር ነው፤ መነጽር አድርጎ አያውቅም። ስሙ የወጣለት ያየውን ሁሉ አጉልቶ ስለሚያወራ ነው። ሥራውም አመሉን ይመስላል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ፊደላት እየቆረጠ የሱቅ ታፔላ ይሠራል። አንድ ጊዜ የሰቀለውን «ዳቦ» የሚል ጽሑፍ የአውሮፕላን አብራሪ ከሰማይ አንብቦ፣ ረሃቡ ተቀስቅሶ ያለ ሰዓቱ እንዳረፈ ምሎ ያወራል። አድማጮቹ የሚከራከሩት አውሮፕላኑ ስንት ሰው ጭኖ እንደነበር ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ጉራ የማያወጣው ጉዳይ ላይ ወድቋል። እናቱን ሳል ከጀመራት ቆይቷል። ሐኪሙ ሳንባዋን አዳምጦ «ወይ እርጥበቱ ከቤቱ ይውጣ፣ ወይ እሳቸው ይውጡ» ብሏል። ታላቅ እህቱ፣ ፋርማሲስቷ፣ ሁለተኛውን መርጣ በራሷ ቤት አንድ ክፍል አዘጋጅታለች፤ ከላይኛው ፎቅ፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ እናቱ ግን ስሙን መስማት የማትፈልገው። ትናንት በስልክ ሲጨቃጨቁ መነጽር እንደ ልማዱ ደረቱን ነፋ፦ «እትዬ፣ ነገ ማታ ነይ። ታች ቤትን በረሃ አድርጌ ካልጠበቅኩሽ ምን አለ በዪኝ።» እህቱም ቃሉን አልለቀቀችም። «እመጣለሁ። የእርጥበት መለኪያው ከስድሳ በመቶ በላይ ካሳየኝ እማዬን ይዣት እሄዳለሁ፤ ያኔ አንድ ቃል እንዳትናገር።»

እናቱ በበኩሏ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥታለች፦ «ከዚህ ቤት ብወጣ ሳምንት አልከርምም።» ስትናገረው እንደ ማስፈራሪያ አልነበረም። የነገን የአየር ሁኔታ የምትናገር ትመስል ነበር።

ትናንት ማታ መነጽር በአፈሩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ዘርግቶ ጠርዙን በፕላስተር አሽጎ ነበር። ጠብታው ከላስቲኩ ስር ከተገኘ ውሃው ከአፈሩ ይወጣል፤ ከላዩ ከተገኘ ከአየሩ ይመጣል። አሁን በክርኑ እየተሳበ የባትሪውን መብራት አበራበት። ጠብታው ከስር ነው። እንደ ዶቃ ተደርድሮ፣ እልፍ አእላፍ ሆኖ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተጋፋ ያብለጨልጫል። መነጽር ለሰፈሩ የሚነግረውን ወዲያው ማቀናበር ጀመረ፤ ሐይቅ፣ አይደለም፣ ባሕር፣ ማዕበሉ የሚሰማ ባሕር…

ከዚያ መብራቱ በእናቱ መኝታ ቤት ስር ወደሚውለው ጥግ ደረሰ።

እዚያ ጠብታ አልነበረም። ደረቁ ቦታ የሰው ቁመት ያህል ይሆናል። ከአንዱ ጫፍ ክብ ነው፤ ከዚያ ይሰፋል፣ ከዚያ ይጠብና ወደ አንድ በኩል ይታጠፋል። ጉልበቱን ሰብስቦ በጎኑ የተኛ ሰው። ጠብታዎቹ በዙሪያው ቆመዋል፤ አንዲትም ወደ ውስጥ አላለፈች።

መነጽር እጁን ላስቲኩ ላይ አሳረፈ። ለብ ይላል።

ጓ፣ ጓ፣ ጓ። የእናቱ ከዘራ ከራሱ በላይ ወለሉን መታ።

«ሞትክ እንዴ?»

ወደ ኋላው እየተሳበ ወጣ፤ የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ እዚያው ቀረ።

«ምን አየህ?» አለችው።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን ነገር አሳንሶ ተናገረ። «ውሃ ነው። ትንሽ ውሃ።»

እናቱ ፊቱን አየችው፤ ከሸሚዙ ላይ አፈሩን በመዳፏ አራገፈችለት። «ማሽኑን ስትገዛ ዝም የሚል ይሁን።»

«እንዳይቀሰቅስሽ?»

«ምን እንቅልፍ አለኝና። እንድሰማ ነው እንጂ።»

ምን እንደምትሰማ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ሳሏ ቀደመው፤ እየሳለች ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ሱቁ የአየር ዕቃ ብቻ የሚሸጥበት ነው፤ ማራገቢያ፣ ማሞቂያ፣ ማቀዝቀዣ። ሁሉም ለናሙና ስለሚሠራ ከበሩ ሲገባ አራት ወቅት በአንድ ጊዜ ፊትን ይመታል። ሻጯ የእስክሪብቶ ክዳን የምታኝክ ሴት ናት። ሹራብ ለብሳ አጠገቧ ማራገቢያ ከፍታለች።

«እርጥበት መጣጭ ማሽን ፈልጌ ነበር» አላት። «ግን ከዚህ በፊት ለማንም ያልሸጥሽው ዓይነት እርጥበት ነው።»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለኝ፣ ጋሼ። ቦታው ምን ያህል ነው?»

«የኳስ ቡድን ከነተጠባባቂው ይገባበታል።»

«ቆመው?»

መነጽር ትንሽ አሰበ። «ተኝተው» አለ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ አልወደደውም።

ሻጯ ሦስት ማሽኖች አሳየችው። የመጀመሪያው ነጭና ሸንቀጥ ያለ ነው። «ይሄ እንደ ፍሪጅ ነው የሚሠራው፤ አየሩን አቀዝቅዞ ውሃውን ያንጠባጥበዋል። ዝምተኛ ነው። ችግሩ ብርድ ቦታ ከገባ ራሱ ላይ በረዶ ሠርቶ ይቀመጣል። የእርስዎ ወለል ስር ይቀዘቅዛል?»

«እኛ ወለል ስር ሰው መንኩሶ መኖር ይችላል፤ ጥርሱ ስለሚንቀጫቀጭ ግን ጸሎቱ አይሰማም።»

«እንግዲያው አይሆንም።» ወደ ሁለተኛው ሄደች፤ መነጽር ግን ቀድሟት ደርሶ ነበር። የመጋዘን ማሽን ነው፤ በጎማ የሚገፋ፣ ከእሱ ደረት የሚደርስ፣ ሆዱ እንደ በርሜል የሰፋ። መነጽር እንደ ዘመድ ዳበሰው። «ይሄ ነው የኔ! ይሄ እኮ ወንዝ ያደርቃል!»

«በቀዳዳው ይገባል?»

መነጽር እጁን ከማሽኑ ላይ አነሳ። ከሚወዱት ሰው እንደተለየ ሰው ዘወር ብሎ እያየው ሻጯን ተከተላት።

ሦስተኛው እንደ ሻንጣ ዝቅ ያለ፣ ግራጫ፣ ለዓይን የማይሞላ ነው። ሻጯ ግን ስትከፍተው ድምፅዋ ተለወጠ። «ውስጡ እርጥበት የሚጠጣ መንኮራኩር አለ። ብርድ አይበግረውም። የጠጣውን ደግሞ በቱቦ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ባልዲ ለመድፋት ሁልጊዜ አይገቡም። ሲሠራ ያጉረመርማል፣ አልዋሽዎትም።»

«እናቴ ዝም የሚል ነው ያለችው።»

«ዝምም ይላል። ሃምሳ ላይ ይሙሉት፤ አየሩ ሃምሳ ሲደርስ ራሱ ይተኛል፣ እርጥበቱ ካልተመለሰ አይነሳም። ግን የወለሉን ስር መተንፈሻዎች በሙሉ መድፈን አለብዎት። አንድ ቀዳዳ ከቀረ የዓለምን አየር ሊያደርቅ ሲታገል ይኖራል። ደፍነውት አልተኛ ካለ ደግሞ…» የእስክሪብቶውን ክዳን ከአፏ አወጣች። «ታች የሆነ ነገር እርጥበት እየሰጠ ነው ማለት ነው።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«ቧንቧ ያፈሳል፣ እንጨት ይረጥባል። ሰውም ይሰጣል። በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ትንፋሹ ብቻ መስታወት ያለብሳል አይደል?»

መነጽር ከማራገቢያዎቹ ንፋስ ወጣ ብሎ ቆመ። «አንድ ጓደኛዬ አለ» አለ። «አፈር ላይ ላስቲክ ዘርግቶ አደረ። ጠዋት ሲያየው ሁሉም ቦታ ጠብታ ይዟል፤ አንድ ቦታ ግን ደረቅ ነው።»

«ላስቲኩ ከላይ ከሞቀ ጠብታ አይይዝም። ድመት አድራበት ይሆናል።»

«ትልቅ ብትሆንስ?»

«ምን ያህል?»

መነጽር እጆቹን ዘረጋ። እነዚህ እጆች የተያዘን ዓሣ፣ የታየን እባብ፣ የተበላን ሳህን ሲለኩ ከእውነቱ በላይ ያልተዘረጉበት ቀን የለም። አሁን ዘረጋቸው፤ ከዚያ ትንሽ ሰበሰባቸው፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ። «ይሄን ያህል።»

ሻጯ ከልቧ ሳቀች። «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይቀንሱልኝ!»

ቀንሶ ነበር። ግራጫውን ማሽን አስጠቅልሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱን እየዞረ መተንፈሻዎቹን ደፈነ። አባቱ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ከእንጨት የተቀረጸ ወንፊት ሠርቶለት ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም። መነጽር ከታፔላ ሥራው የተረፈውን ፎም በልክ እየቆረጠ በወንፊቶቹ ላይ ለጠፈ። በመጨረሻው ቁራጭ ላይ የአንድ ቀይ ፊደል ግማሽ ነበረበት፤ የትኛው ፊደል እንደሆነ ማስታወስ አልቻለም። የመኝታ ቤቱን መተንፈሻ ሲደፍን ከውስጥ ወደ መዳፉ ቀስ ያለ አየር መጣ፤ ፎሙን ሲጫነው ቆመ።

ከዚያ ማሽኑን እየገፋ ታች ቤት ገባ። መብራቱን ወደ ጥጉ ላለማዞር አንገቱ እስኪደነዝዝ ተጠነቀቀ። ቱቦውን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ዘረጋ። የመለኪያውን አነፍናፊ ሳያይ ወደ ጥጉ ወረወረው፤ ስክሪኑ ያለ ሽቦ የሚሠራ ስለሆነ እላይ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ማሽኑን አስነሳና ወጣ። ክዳኑን ገጥሞ ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር አሸገው። እንደ ልማዱ እየሠራ አላፏጨም፤ እናቱም ይህን አስተዋለች።

ወለሉ ስር ጉርምርምታ ተነሳ። ስክሪኑ ሰማንያ ስምንት ይላል። እናቱ ወንበሯ ላይ ሆና ጆሮዋን አዘንብላ ነበር።

«ይጮኻል።»

«ሃምሳ ሲደርስ ይተኛል፣ እማዬ። ምንድን ነው ግን የምትሰሚው?»

የጠረጴዛውን ልብስ እጥፋት በጣቶቿ አስተካከለች። «ስንጣላ ታች ቤት ይገባ ነበር፤ ታውቅ የለ? እኔ ስናገር፣ ስናገር፣ ዞር ስል የለም። ከአልጋዬ ስር ሄዶ በጎኑ ይተኛል። እራት ሲደርስ ሦስቴ አንኳኳለታለሁ። አንዴ ይመልሳል። ‹መጣሁ› ማለቱ ነው። ሲወጣ ጥሉ አልቋል።»

ይህን መነጽር ያውቃል። ልጅ ሆኖ የአባቱ መልስ ከወለሉ ስር በባዶ እግሩ መዳፍ ላይ ይሰማው ነበር። ግን አባቱ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው፤ የቀብሩ ሰልፍ ፊቱ መቃብር ሲደርስ ጭራው ገና ከቤት እንዳልወጣ እስከ ዛሬ ያወራል።

«አሁንም ታንኳኪያለሽ?»

«እራት ሲደርስ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይመልሳል?»

«አንዳንዴ።» ከዚያ ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ ታሸገው ክዳን አየች። «ስትዘጋው ወጥቶ ነበር?»

ከመታጠቢያ ቤቱ ቱቦው ውሃውን ሲያንጠባጥብ ይሰማል።

ታላቅ እህቱ ስትደርስ መስኮቱ መቅላት ጀምሮ ነበር። የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች ገባች፤ እናቷን ሳመች፤ በር አጠገብ አስቀድማ ያስዘጋጀችውን ሻንጣ በዓይኗ አረጋገጠች።

«እሺ መነጽር፣ በረሃውን አሳየኝ። ግመሎቹን የት አሰርካቸው?»

«እትዬ፣ ጫማሽን አውልቂ፤ አሸዋ ይገባብሻል» አለ፤ ቀልዱ ግን እንደ ወትሮው አልሞቀም። ስክሪኑን አዞረላት።

ሃምሳ። በዚያው ቅጽበት ከወለሉ ስር የነበረው ጉርምርምታ ሳል እንደሚቆም ቆመ። ቤቱ ጸጥ ሲል ሁሉም ለካ እስካሁን እየጮኹ ሲያወሩ እንደነበር ታወቃቸው።

እህቱ ስክሪኑን መታ መታ አደረገችው። «አበላሽተኸው እንዳይሆን።»

«አባዬ ይሙት!» አለና ደነገጠ።

«እስኪ እራት እስክንበላ ልየው» አለች። «ሳንነሳ ከስድሳ ካለፈ ግን ሻንጣው ይነሳል። እማዬ፣ ተስማምተናል አይደል?»

እናቷ ሾርባውን አቅርባ ሳህን እየደረደረች ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛውን ከግድግዳው በኩል፣ ማንም ከማይቀመጥበት ወንበር ፊት አስቀመጠች። እህትና ወንድም ተያዩ። ከዚያ እናቲቱ ከዘራዋን አነሳች።

ጓ። ጓ። ጓ።

«ኧረ እማዬ» አለች ልጇ በለሆሳስ።

ምንም የለም። እናቲቱ ከዘራዋን ወለሉ ላይ እንደተከለች ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ሲጎድል መነጽር አየ፤ ከእንግዲህ ከፀሐያማው ክፍልም ሆነ ከዚህ ቤት ጉዳይ የሌላት ሴት ፊት። ሊያየው አልቻለም። ተረከዙን ከወንበሩ ስር አንስቶ ወለሉን አንድ ጊዜ መታ።

«ያ አንተ ነህ» አለች ሳትዞር። «አባትህ በጣቱ አንጓ ነው።»

መነጽር ጆሮው ድረስ ቀላ። ያኔ ነው እህቱ «ምንድን ነው ይሄ?» ያለችው።

ስክሪኑ ሃምሳ ሦስት ይል ነበር። ወዲያው ሃምሳ አራት። ወለሉ ስር ማሽኑ ተነሳ፤ የሾርባው ገጽ በሳህኖቹ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

«ቧንቧ ነው?»

«እዚያ በኩል ቧንቧ የለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው እርጥበት የሚሰጠው? ሁሉንም ደፍኛለሁ አላልክም?»

ሃምሳ ስድስት። እናቲቱ ከዘራዋን ለቀቀች፤ ከዘራው ወደቀ። «አፈናችሁት» አለች፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ተኝቶ ነበር። አሁን ነቃ፤ አየር የለውም።»

መነጽር ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ክዳኑ አጠገብ ተንበረከከ። ፕላስተሩ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ውጭ ይነፋል። እንደገና ሰርጎድ፤ እንደገና ነፋ። ጥፍሩን ከፕላስተሩ ጫፍ ስር አስገባና ወደ ኋላው አየ። እህቱ ቁልፉን በእጇ ጨብጣ በመመገቢያ ክፍሉ በር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ስክሪኑ ይታያል። ሃምሳ ዘጠኝ።

«ከከፈትከው ከስድሳ ያልፋል» አለችው። «ቃል ገብተሃል።»

«አውቃለሁ።»

ጫፉን ላጠው። በቀዳዳው የወጣው አየር ሞቃት ነበር፤ የማጣበቂያና አዲስ የተላገ እንጨት ይሸታል። እዚህ ቤት ውስጥ እንጨት ከተላገ ስንት ዘመኑ ነው። እህቱ ሽታው ሲደርሳት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እማዬ» አለ መነጽር፤ «ምን ልበለው?»

«ምን ትለዋለህ? እራት ደርሷል በለው።»

ስለ አንዲት ቃል ታፔላ ሙሉ ምሽት የሚያወራው ሰው ጉንጩን ወለሉ ላይ አስተኛ። አፉን ወደ ክፍተቱ አስጠጋ። የወጣው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ ልጅ ሆኖ ወደ ሱቅ ሲላክ የሚያወጣው ዓይነት።

«አባዬ። እራት ደርሷል።»

ማሽኑ ዝም አለ። መነጽር ጉንጩን ከእንጨቱ አላነሳም፤ እናቱ ዓይኖቿን ጨፍናለች። ታላቅ እህቱ ከእግሮቿ ስር አንድ ጊዜ የተንኳኳ ያህል አንገቷን አዘነበለች።

ስክሪኑን ማንም ዞሮ አላየውም። እህቱ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ከዚያም ማንም ሳያዛት ሄዳ አራተኛውን ወንበር ሳበች።